ግዝቱ የተፈታበት ቀን

እኔ ድግስ አልወድም። መምህር ስለሆንኩ የማልጠራበት ስብሰባ የለም፤ ባነር ተሰቅሎ፣ ጀነሬተር እያጓራ፣ «ክቡራንና ክቡራት» የሚባልበት ቦታ ሁሉ ራሴን ያመኛል። ዘመዶቼ «አንቺ ደግሞ ሠርግም አይጥምሽ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ይህን የምጽፈው ግን ስለ እኔ ጠባይ አይደለም። ስለ እናቴ ወንድም፣ ስለ ቄሱ አጎቴ ነው፤ ስለዚያም ኮረብታ።

ኮረብታው ከእናቴ መንደር በላይ ነው፤ ከንፋስ መውጫ ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄዶ ቀሪውን በእግር ነው። ልጅ ሳለሁ ራሰ በራ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ጠጠሩ እየተንከባለለ የገብሱን ማሳ ያለብሰዋል። ከሥሩ ያለችው ምንጭ ደግሞ ሚያዝያ ሳይጋመስ ትነጥፋለች። ጉናን የሚያህል ተራራ ከራሳችን በላይ ተቀምጦ እኛ እንስራ አዝለን ገደል እንወርድ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእኛ ነው።

ጥቂት መምህራን፣ የግብርና ሠራተኞችና ገበሬዎች ተሰብስበው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበሩን ያቋቋሙት በዚያ ዘመን ነው። አጎቴም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ነበሩ። ችግኝ ተተከለ፤ ፍየል በላው። አጥር ታጠረ፤ አጥሩ ራሱ ማገዶ ሆነ። ዘበኛ ተቀጠረ፤ የዘበኛው ፍየሎች ከሁሉ ቀድመው ገቡ። በመጨረሻ፣ ሁሉም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ እንደቀረ ገባቸው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኮረብታው ሥር ወረደ። ያን ጊዜ የአጎቴ ጢም ገና ጥቁር ነበር። መስቀላቸውን አነሡና «ከዚህ ኮረብታ ርጥብ የቆረጠ፣ ከብት የሰደደ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ገዝቻለሁ» አሉ። ሕዝቡም «አሜን» አለ። አለቀ። ከዚያ ቀን በኋላ አጥርም ዘበኛም አላስፈለገም። ጥጃ የገባችበት ሰው እንኳ ከዳር ቆሞ በስሟ እየጠራ ያስወጣት ነበር እንጂ እግሩን አያስገባም።

ዛፉ በቀለ። ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶው፣ ከላይ በኩል አስታው። ምንጯም ግንቦትን መዝለቅ ጀመረች። አጎቴ ልጅ አልወለዱም፤ ሚስታቸውም ቀድማቸው አርፋለች። «ይህ ኮረብታ ልጄ ነው» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ወሬ አይወዱም። ግን ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ሁልጊዜ ቀጥተኛውን መንገድ ትተው በኮረብታው ሥር ዞረው ነበር የሚመጡት።

ማኅበሩ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው «የብር ኢዮቤልዩ» የሚል ባነር ታተመ። በዓሉ ከጥምቀት በኋላ በኮረብታው ግርጌ እንዲሆን ተወሰነ። የማኅበሩ ሊቀመንበር እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ሥራ ወዳድ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ትንሽ ካሜራ የሚወድ። ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ወደ አጎቴ ቤት የመጣ ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ።

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አጎቴ።

«ቆመናል አባ። እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ልመናውን ሊቀመንበሩ ተናገረው። «አባ፣ እንግዶች ከዞን ይመጣሉ፣ ቀረጻ አለ። በሸራ ብንቀበላቸው ለቅሶ ነው የሚመስለው። ባህላዊ ዳስ ያስፈልገናል፤ ቅጠል የለበሰ፣ ግሪን የሆነ። ግዝቱን ለበዓሉ ብቻ ይፍቱልን።»

እኔ አላስችል አለኝ። «ዛፍ ያሳደጋችሁበትን በዓል ዛፍ ቆርጣችሁ ልታከብሩ?»

«ቲቸር፣ ቅርንጫፍ ብቻ እኮ ነው።»

«አንቺ ዝም በይ፣ ነገሩ የሽማግሌ ነው» አሉኝ አንደኛው።

አጎቴ ፈገግ አሉ። «ኢዮቤልዩ በመጽሐፉ ምድር የምታርፍበት ዓመት ነው። እናንተ ደግሞ ልትመለምሏት መጣችሁ?» ሁሉም ሳቁ፤ ግን የተቀመጠ አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የአጎቴ አብሮ አደግ፣ እግራቸውን የሚያማቸው ናቸው። በምርኩዛቸው ተደግፈው ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አጎቴም አዩ። በእኛ አገር ቆሞ የሚለምን ሽማግሌን እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ የአብሮ አደግን ጉልበት ሲንቀጠቀጥ እያዩ እምቢ ማለት ደግሞ ጭራሽ አይቻልም።

«ስሙኝ» አሉ በመጨረሻ። «ግዝት ለአንዱ ተፈትቶ ለሌላው አይታሰርም። ከፈታሁት ለሁሉም ነው የምፈታው።»

«እናውቃለን አባ። ሕዝቡም ዐዋቂ ነው።»

«በዓሉ ሲፈጸም ያኔውኑ መልሼ እገዝታለሁ።»

«ፕሮግራም ላይ እናስገባዋለን» አለ ሊቀመንበሩ። «መዝጊያው የእርስዎ ቡራኬ ነው።»

ተቀመጡ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

በዋዜማው ጠዋት አጎቴ ግዝቱን ፈቱ። ጎረምሶቹ ቆረጡ፣ ተሸከሙ፣ ዳሱን ጣሉ። ያን ቀን ለራሱ የቆረጠ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሰውን ይፈራ ነበር። ዳሱ ማማሩን አልክድም። የወይራው ቅጠል ሽታ ከሩቅ ይጠራ ነበር። እኔ እንኳ ለአፍታ፣ ምናልባት በከንቱ ይሆን የተነጫነጭኩት ብዬ ነበር።

በበዓሉ ቀን አጎቴን ከፊት ምንጣፍ ላይ አስቀመጧቸው፤ እኔ ከጎናቸው ሆንኩ። አዲስ ጋቢ ደረቡላቸው፣ በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ሰጧቸው፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ንግግር ጀመረ። ከዞን የመጡት ተናገሩ፣ ከወረዳ የመጡት ተናገሩ፣ ከእስቴና ከስማዳ የመጡት የእኅት ማኅበራት ተወካዮችም ተናገሩ። ሁሉም «አረንጓዴ» ይላሉ። ዞር ስል የኋላው መደብ ሳስቷል። መጀመሪያ ወደ ምግቡ የሄዱ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ብዞር የባሰ ሳስቷል።

በዚህ መሀል ጀነሬተሩ ጠፋ። ዳሱ ጸጥ ሲል ከላይ፣ ከኮረብታው፣ የምሳር ድምፅ ተሰማ። አንድ ምሳር አልነበረም።

«ይቅርታ፣ የቴክኒክ ችግር ነው» አለ ሊቀመንበሩ፤ ጀነሬተሩም መልሶ ማጓራት ጀመረ።

አጎቴ ሊቀመንበሩን በእጃቸው ጠሩት። «ልጄ፣ እኔ አሁን ልባርክ።»

«አባ፣ ትንሽ ይታገሡን፤ የእርስዎ መጨረሻ ላይ ነው።»

አጎቴ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ታገሡ። ቀጣዩ ተናጋሪ ወረቀቱን ዘረጋ። እኔ የአጎቴን እጅ ነበር የማየው፤ መስቀሉን አጥብቀው ይዘዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ተነሥተው «አሁንስ?» አሉት። «ሁለት ንግግር ብቻ ነው የቀረው» አላቸው። እውነቱን ለመናገር ያን ልጅ በጥፊ ማለት አማረኝ። በመጨረሻ አጎቴ ማንንም ሳይጠይቁ ተነሡ፣ ትከሻዬን ያዙ፣ ከዳሱ ወጣን። ከኋላችን ይጨበጨብ ነበር፤ ለእኛ ግን አልነበረም።

ዳገቱን ቀስ ብለን ወጣን። እላይ ያለው ሕዝብ ዳስ ውስጥ ካለው ይበልጥ ነበር። ሌቦች አልነበሩም፤ የማውቃቸው ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያስተማርኩላቸው፣ አጎቴ ንስሐ የሚቀበሏቸው። ሲያዩን አልሸሹም። አንዳንዶቹ ምሳራቸውን አስቀምጠው መጥተው መስቀል ተሳለሙ፤ ተሳልመው ተመለሱና መቁረጣቸውን ቀጠሉ። ግዝቱ ተፈትቷላ! ሲፈታ የቆረጠ ምን በደለ? አንድም ግዝት የጣሰ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ የምወቅሰው ሰው አጣሁ።

አጎቴ መተንፈስ አቅቷቸው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ መስቀሉን አነሡ። ድምፃቸው እንደ ድሮው አልነበረም፤ ግን ያንኑ ቃል አንድም ሳያጎድሉ ተናገሩ።

«አሜን» አለ ሕዝቡ፤ ምሳሩም ቆመ። እዚያው፣ ባለበት። ኮሶ ግማሽ ድረስ የቆረጠ አንድ ሰው ምሳሩን ነቅሎ ትከሻው ላይ አደረገና ወረደ፤ ዛፉ እንዳዘመመ ቀረ። አንዲት ሴት ሸክሟን አስራ ጨርሳ ነበርና መሬት ላይ አስቀምጣ አየቻቸው።

«አባ፣ የተቆረጠውስ? ብወስደው ግዝት ይይዘኛል?»

አጎቴ ሸክሙን ረጅም ጊዜ አዩት። «ውሰጂው ልጄ» አሏት። «ተመልሶ አይቆም።»

አመሰገነቻቸው፤ አዝላው ሄደች። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ አንድ ጉቶ ላይ ተቀመጡና አዲሱን ጋቢ አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት።

ማታውኑ ማኅበሩ በዓሉ በድምቀት መከበሩን ጻፈ፤ ስልኬ ላይ አየሁት። አጎቴ በጋቢያቸው ተቀምጠው ፎቶው ላይ አሉ። ብዙ ሰው ወዶታል።

በሚያዝያ ምንጯ ቀጠነች። በክረምት ጠጠሩ የድሮ መንገዱን አልረሳም፤ ማሳው ላይ ወረደ። ያ ግማሽ የተቆረጠ ኮሶም በአንዱ ነፋስ ወደቀ። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። በእኛ መንደር ግን የላሰውም ያለቀሰውም አንድ ሰው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ እየመጣ አጎቴ ደጅ ላይ «አባ፣ ምን ይሻለናል?» ይላል። እሳቸው «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ይሸኙታል። ከኪዳን ሲመለሱ በቀጥተኛው መንገድ መምጣት የጀመሩት በዚያ ወራት ነው።

ኅዳር ላይ ታመሙ። መዳከማቸው ሲሰማ እነዚያው ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ በዚህ ጊዜ ሊቀመንበሩ አልነበረም። የገዘተ ካህን ሳይፈታ ከሞተ ግዝቱን የሚፈታ አይገኝም ይባላል። አልጋው ሥር መጥተው ቆሙ።

«አባ» አሉ እግራቸውን የሚያማቸው፣ «ግዝቱን ይፍቱልን። ይዘውብን አይሂዱ። ልጆቻችን ሳያውቁ እንኳ ቅጠል ይቀነጥሳሉ።»

«ተቀመጡ» አሉ አጎቴ።

«እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

ጉልበታቸው እንደዚያ ቀን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ በር ላይ ሆኜ አጎቴን አየኋቸው። አሁንም አያስችላቸውም ብዬ ነበር። ከትራሳቸው ቀና ብለው ያን ምርኩዝ፣ ያን ጉልበት በደንብ አዩት።

«አንድ ቀን ፈታሁት» አሉ፤ «አየሁት።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እንግዲህ ቁሙ።»

ሽማግሌዎቹ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ሳይቀመጡ ወጡ። አጎቴ ሳምንቱን አልዘለቁም።

ለተዝካራቸው ዳስ የጣልነው በሸራ ነው። ለመቁረጥ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። በሸራው ክፍተት ኮረብታው ይታያል፤ ጉቶ ከጉቶ አጠገብ፣ እዚህም እዚያም ሳይቆረጥ የተረፈ ወይራ።

«ይዘውብን ሄዱ» አሉኝ።

«አዎ፣ ይዘው ሄዱ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የአጎቴ ቃል ከእንግዲህ ማንም የማይፈታው ሆኗል። ኮረብታው ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ፍየል አልነበረም። ጸንቶ የሚጠበቀው ግን ጉቶው ነው።