የታጠነው ጠርሙስ

የወንድ ዘር ሲታጠብ ትዕግሥት ይፈልጋል። በሴንትሪፊውጅ ካሽከረከርኩት በኋላ፣ ከታች በተጠራቀመው ላይ ንጹሕ ማጠቢያ በቀስታ እጨምርና ቱቦውን ጋደም አድርጌ ሙቀት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ብርቱዎቹ ራሳቸው ዋኝተው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የሞተው ከታች ይቀራል። እስኪወጡ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ። ታዲያ ያኔ ዐይኔ ፍዝዝ ይልና አዲስ አበባን ትቼ በሐሳብ ሥራ የጀመርኩባት አማን ከተማ እገባለሁ። ናሙና የመጣበትን ዕቃ ሁሉ ከፍቼ መጀመሪያ አሸትታለሁ፤ ባልደረቦቼ «ወጥ መሰለሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አማን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ ጭጋጉ ከቡናው ላይ ተነሥቶ የሆስፒታላችን ላብራቶሪ መስኮት ድረስ ይመጣል። እዚያ ማጠብ የሚባል ነገር አልነበረም። ጠብታውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ወረቀት ላይ መፈረም፣ አለቀ። ገና ከትምህርት መውጣቴ ስለነበር በፍጥነቴ እኩራራ ነበር።

አንድ ቀን ከቴፒ በኩል አንድ ቡና ገበሬ ከሚስቱ ጋር መጣ። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም ልጅ አላገኙም። ያደሩት ከሆስፒታሉ ማዶ አልጋ ቤት ነው። ባልየው እኔን ስላፈረ ዘሩ ያለበትን ጠርሙስ ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ያቀበለችኝ ሚስቱ ናት። አየሁት። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። ያንኑ ጽፌ ሰጠኋቸው።

ባልየው ወረቀቱን አንብቦ አጠፈው። «እንግዲህ ማሻ ከተማ ወላጆችሽ ጋ ሂጂ። ከእኔ ጋር ደርቀሽ አትቅሪ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። «እህቴ፣ ምን አጎደልኩ? እንዳይበላሽ ብዬ ጠርሙሱን እንደ ወተት ዕቃ ሦስት ጊዜ አጥኜዋለሁ እኮ።»

ክው አልኩ። ጠርሙሱን አንሥቼ ባሸተው ወይራ ወይራ ይላል። ጭስ በጠገበ ዕቃ ውስጥ ምን በሕይወት ይቆያል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፣ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ ቀደድኩት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እኔው በሰጠሁት ንጹሕ ዕቃ አዲስ ናሙና፣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ራሱ ይዞ መጣ። ሳየው ይዋኛሉ። ማይክሮስኮፑን ለቀቅኩለትና ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ይሄ ሁሉ የእኔ ነው?» አለ።

ሚስቱ ኮቱን ጎተት አድርጋ «እኔም ልይ እንጂ፣ የብቻህ ነው?» አለችው። እነሱ ሲስቁ እኔ አለቀስኩ።

ከወጡ በኋላ መዝገቡን ገለጥኩ። «የሚንቀሳቀስ የለም» የሚል በእጄ የተጻፈ፣ እዚህም እዚያም። የማንንም ጠርሙስ አላሸተትኩም ነበር። እንዲህ ከጻፍኩላቸው አንዱ ከማጂ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኛል። አስፈለግኩት፤ የሚያውቀው አላገኘሁም። ሚስቱን ይስደዳት አይስደዳት እስከ ዛሬ አላውቅም።