በሰንበቴ የተጣለ ግዝት

አቶ ዘርአ ዳዊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በታንጉ ደጅ አያልፉም፤ በገደሉ አፋፍ ዞረው ይሄዳሉ። መንገዱ ይረዝማል፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ያም ሆኖ የታንጉን ወፍጮ ላስቲክ እንደለበሰ ቆሞ ከሚያዩት ጉልበታቸው ቢያማቸው ይመርጣሉ።

ታንጉ ባሏ የሞተባት፣ ሥራ የማትፈራ ሴት ናት። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ትልቅ የኤሌክትሪክ መስመር ሊዘረጋ ነው ሲባል ሁለት በሬዎቿን ሸጣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ገዛች። ያለው ቀጭን መስመር አምፖል እንኳ በግድ ነው የሚያበራው፤ ወፍጮ አይችልም። የመንደሩ ሴቶች እህላቸውን አዝለው ቁልቁል ወርደው ያስፈጫሉ፣ ዱቄቱን ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ።

አምና መሐንዲሷ ፀደንያ መጥታ ባለ መሬቶቹን ሰብስባ ነበር። መስመሩ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ገንዘቡ በውድ ወለድ ከተበደረ ወለዱ ዞሮ በየቤቱ የመብራት ሂሳብ ላይ ይወድቃል አለች። አሁን ግን መንግሥት ከሕዝቡ ካዝና ገሚሱን ራሱ ይችላል፣ የቀረውንም በትንሽ ወለድ ለረጅም ጊዜ ያበድራል፤ ስለዚህ ለድሀውም ይቀላል። ከእናንተ የሚፈለገው መስመሩ በማሳችሁ እንዲያልፍ መፈረም ብቻ ነው አለች። ከሽቦው ሥር ያለ ባሕር ዛፍ ግን ይቆረጣል፣ ካሣም ይከፈልበታል።

አቶ ዘርአ ዳዊት ነገሩ በደንብ ገብቷቸዋል። ሃያ ዓመት ያሳደጉት ባሕር ዛፋቸው ልክ መስመሩ የሚያልፍበት ላይ ነው። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ እሳቸው ናቸው፤ ማኅበርተኛው ቃላቸውን ይሰማል። በሰንበቴው ዕለት ጠላው ከተቀዳ በኋላ ተነሡና መንግሥት የሚያበድረውን ነገ ማን ሊከፍል ነው፣ በማዳበሪያ ዕዳ በሬ የተነዳበትን ዘመን ረሳችሁት ወይ ብለው አስፈራሩ። ማንም እንዳይፈርም በጊዮርጊስ ገዘቱ። ስለ ባሕር ዛፉ ትንፍሽ አላሉም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፤ እሳቸው የመንደሩን ብርሃን ቆረሱ።

ግዝት ማን ይደፍራል? አንድም ሰው አልፈረመም።

ዘንድሮ ፀደንያ ተመልሳ መጣች። ፊርማው እስከ ሰኞ ካልተሟላ ገንዘቡ ወደ ሌላ ወረዳ እንደሚዛወር ለመንደሩ ሰው ነገረች። በዚያው ሳምንት ታንጉ አቶ ዘርአ ዳዊትን ገበያ ላይ አገኘቻቸውና ምክር ጠየቀቻቸው። ከእነዋሪ የመጣ ነጋዴ ወፍጮውን በግማሽ ዋጋ እወስዳለሁ ብሏታል።

«እርስዎ ሽጪ ካሉኝ እሸጣለሁ» አለቻቸው።

ብትረግመኝ ይሻል ነበር ብለው አሰቡ። እስከ እሑድ ቆዪ ብለዋት ሄዱ።

እሑድ ሰንበቴው ተሰበሰበ። እሳቸው ዳቦውን ለማስባረክ የተነሡ መስሎት ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

«ዕዳ ፈርቼ አይደለም የገዘትኋችሁ» አሉ። «ዛፌ እንዳይቆረጥብኝ ነው። ልጅቷ ያለችው እውነት ነበር፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

አንድ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። «እኛማ ለነፍሳችን ያሰቡልን መስሎን ነበር» አለ ከወደ በሩ አንዱ፤ የሳቀለት ግን የለም። የሰንበቴው ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው ግዝቱን ፈቱ፤ ለአቶ ዘርአ ዳዊት ግን ቀኖናውን ለብቻ እንነጋገራለን አሏቸው። ፀደንያ የተወችው የፊርማ ወረቀት በየተራ ዞረ። ታንጉም ቀና ሳትል ፈረመች።

አቶ ዘርአ ዳዊት ተጠግተው «ይቅር በይኝ» አሏት።

«እኔ ዕዳውን ፈርቼ አልነበረም መፈረሙን የተውሁት፤ እርስዎን አምኜ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ይቅርታው ይቆየን፣ ጋሽ ዘርአ። እስኪ መጀመሪያ ይፈርሙ።»

ያኔ ነው ያስተዋሉት፤ ሰው ሁሉ ፈርሞ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀበሉ። እሷም እስኪጨርሱ ድረስ ከአጠገባቸው አልተንቀሳቀሰችም።