ግራፊክስ ካርዱና የእናቴ ሰፌድ

ንፋስ መውጫ ላይ የሠርግ ቪዲዮ በማዘጋጀት ነው የምተዳደረው። ቤታችን ከከተማው ጫፍ ስለሆነ በመስኮት የሚገባው ብርድ ማንንም ያቀዘቅዛል፤ ምስል ከሚያቀናብረው የኮምፒውተሬ ግራፊክስ ካርድ በስተቀር። ቪዲዮ ማቀናበር ስጀምር ካርዱ ይግላል፤ ኮምፒውተሩም ምንም ሳይለኝ ይጠፋል።

በዚህ ጥር ግን የጠፋው የእህቴን ሠርግ ስሠራ ነው። እህቴን ከወገዳ ወዲያ፣ ስልክ አንዴ ገብቶ አንዴ ከማይገባበት ቀበሌ ዳርናት። በእኛ አገር የሙሽራ እናት ልጇን እደጅ ሸኝታ ትቀራለች፤ አማቶቿ ቤት እንዴት እንደተቀበሏት አታይም። ካሜራ ይዤ አብሬ የሄድኩት እኔ ነኝ። እናቴ የምትፈልገው ልጇ እዚያ ቤት ስትገባ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ብቻ ነው። እህቴ በስልክ «ደህና ነኝ» ብላታለች። እናቴ ግን ድምፅ አታምንም። በካሜራዬ ትንሽ ስክሪን ባሳያት፣ «ይኸ ትንኝ ነው እንጂ ልጄ አይደለችም» ብላ መለሰችልኝ።

ስለዚህ ማቀዝቀዣ መምረጥ ነበረብኝ። ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛዬ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረኝ፦ ወይ የካርዱን ማራገቢያዎች በተሻሉ መቀየር፣ ወይ ደግሞ በቱቦ ፈሳሽ እያዞረ ሙቀቱን የሚወስድ ማስገጠም። የእኔ ልብ ፈሳሹ ላይ ነበር። አይጮህም፣ ሲያዩትም ያምራል።

«ቱቦው ቢያፈስ ማን ይጠግነዋል?» አልኩት።

«እኔ።»

ማራገቢያውን መረጥኩ። እናቴም ሰምታ ኖሮ፣ «ደግ አደረግህ። ውኃ የምታጠጣው በቅሎ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ማራገቢያዎቹ ከባሕር ዳር እስኪመጡ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ነፋሱ በነፃ ነው፤ ብልህነቴ ደስ አለኝ። ከጓሯችን ጎረቤቶቻችን ገብስ እያዘሩ ነበር። ምሳዬን በልቼ ስመለስ መንሹ ያነሳው እብቅ በሙሉ ካርዱ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። አንደኛው ማራገቢያ ቆሟል።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው። «የገበሬ ልጅ ነህ» አለች። «ሰው ከሚያዘሩበት ነፋስ ፊት ይቀመጣል?»

እብቁን በብሩሽ ጠረግሁ፤ የቆመው ማራገቢያ ግን በዚያው ቀረ። ማዘኔን ስታይ መስኮቱን ዘጋች፤ ሰፌዷን አመጣች፤ ዱካ ስባ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«በል ሥራ» አለችና ማራገብ ጀመረች።

ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ይህን ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። ቪዲዮው እየተሠራ ሲሄድ ምስሉ በስክሪኑ ላይ ያልፋል፤ መጀመሪያ አጃቢው፣ ቀጥሎ ግቢው፣ ከዚያ እህቴ መጣች። አማቷ እጇን ይዛ ልታስገባት ስትል፣ እህቴ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ ወደ ኋላ ዞረች። ከሰዉ መሐል የሆነ ሰው ትፈልጋለች።

የእናቴ እጅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ጨለመ።

«ማንን ነው የምትፈልግ?» አለች።

ካሜራ ይዤ ከኋላዋ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ፣ «እኔን ነው» ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁት።

እናቴ ዱካዋን አዞረች። ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ማራገብ ጀመረች።

«እያየሁ አልችልም» አለች። «ስትገባ ንገረኝ።»

እህቴ ደጃፉ ላይ ደረሰች፤ ወደ ኋላ ዞረች፤ ብዙ ቆየች፤ በመጨረሻም ፊቷን ወደ ቤቱ መለሰች።

«ገባች» አልኳት።

እናቴ አልዞረችም፤ ሰፌዱም አልቆመም።