ባሱንዳ የቀረችው የእህቴ ጓደኛ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር አንድ መድኃኒት ቤት ገብተን፣ ሻጯ ማስክ አድርጋ ታናግረን ነበር። እህቴ የሴትዮዋን ዓይኖች ጥቂት አየችና ወደ እኔ ዞረች። መስማት የተሳናት ናት፤ ሰው የሚለውን ከከንፈር ነው የምታነበው። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ሱዳን ውስጥ የኖርንበት ገዳሪፍ ትዝ አለኝ፤ ኮሮና የገባበት ዓመት።

እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ ዘጠኝ። አባታችን ገበያው ውስጥ ቅመም ይሸጥ ነበር። ከቤታችን ብዙም በማይርቀው ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተለየች አንዲት ክፍል ነበረች፤ አስተማሪዋ ኡስታዛ የምንላት ሱዳናዊት። ጠዋት ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ወለሉ ላይ ትበታተናለች፤ ልጆቹ በእጃቸው ይንጫጫሉ። እህቴ እዚያ ከመግባቷ በፊት እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ለምን እንደተዘጋ ልናስረዳት አልቻልንም፤ ከንፈር ማንበብ ገና መጀመሯ ነበር። በሽታ ነው ለማለት አሳልን፣ ግንባራችንን ነካን። የታመምነው እኛ መስለናት ውሃ አመጣችልን። ለብዙ ቀን ዩኒፎርሟን ለብሳ በሩ ላይ ተቀመጠች። አጥፍታ የተባረረች ይመስላት ይሆናል እያለች እናቴ ታለቅስ ነበር።

ከወራት በኋላ ሲከፈት፣ ለዚያች ክፍል የተመዘገቡት እህቴና አንድ ሌላ ልጅ ብቻ ሆኑ። የሌሎቹ ወላጆች የከተማው ሥራ ሲቆም ወደየእርሻው ሄደዋል። ሙዲሩ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ቢያንስ ሦስት ልጆች ካልሞሉ ክፍሏ አትከፈትም አለ። ኡስታዛ ግን አርፋ አልተቀመጠችም። የእህቴ የልብ ጓደኛ፣ እዚያው ክፍል ትማር የነበረች የጎንደሬዎች ልጅ፣ ድንበሩ አጠገብ ባለው የእርሻ አገር ባሱንዳ መሆኗን ሰማች። ወላጆቿን በአማርኛ እንዳነጋግርላት አባቴን አስፈቅዳ፣ እኔንም እህቴንም ይዛን ሄደች።

ሰሊጡ ታጭዶ ነበር። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ነዶ ስታስር አገኘናት። እህቴን ስታይ የያዘችውን ጣለች። ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው እጆቻቸው ይርገበገቡ ጀመር፤ ማቆሚያ የለውም። እናቷ ቆማ ታያቸዋለች።

«ይኼን ሁሉ ነገር ሆዷ ውስጥ ይዛው ነው የከረመች?» አለችኝ።

ኡስታዛ ያለችውን ሁሉ ተረጎምኩ፤ እኛ ቤት ትቀመጥ፣ እናቴ እንደ ልጇ ታያታለች ብዬም ከራሴ ጨመርኩ። እናትየዋ ራርታ ነበር። አባትየው ግን ታላቅ ወንድሙን በዚያው በሽታ ገዳሪፍ ቀብሮ የመጣ ሰው ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ በያት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ልጄን ግን ከዓይኔ አላርቅም።»

ክፍሏ ሳትከፈት ቀረች። ኡስታዛን ፋው ወደምትባል ሌላ ከተማ አዛወሯት። እህቴ ከሚሰሙት ልጆች ጋር መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሁሉም አፋቸውን ሸፍነዋል። ጥቂት ሳምንት ሞክራ ተወችው። በኋላ የሱዳን ጦርነት መጥቶ እኛም ወደ አገራችን ተሻገርን፤ ጓደኛዋ የት እንደደረሰች አናውቅም።

እኔን የማይለቀኝ ግን የዚያን ቀን የመልስ መንገድ ነው። መኪናው ኋላ ተቀምጠን፣ ፀሐይዋ ሜዳው ላይ እያዘቀዘቀች፣ እህቴ በእጇ ብዙ ነገር ነገረችኝ። ቋንቋዋን አላውቅም ነበር። የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። እሷም አምናኝ ቀጠለች።

ዓመታት ቆይቼ ምልክቶቹን ከተማርኩ በኋላ፣ ያን ቀን ምን ስትነግረኝ እንደነበር ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበች። ረስቼዋለሁ አለችኝ።