ያልተፈታው ገመድ

ዛሬ ጋርላንድ ከተማ፣ ነዳጅ ማደያው ውስጥ፣ ጀልባ የሚጎትት ፒካፕ አጠገቤ ፓርክ አደረገ። የቤንዚንና የሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያው ቅባት፣ ሽታው አጎቴንና ሚስቱን አስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ አዲሷን ጀልባቸውን ሊያሳዩን እኔንና አያቴን አምስት ሰዓት ነድተው ባሕር ዳርቻ፣ ጋልቨስተን ወሰዱን። አጎቴ ሞተሩን አስነሳ፤ ሚስቱ ለሀገር ቤት ዘመድ የሚላክ ቪዲዮ ትቀርጻለች። ጀልባዋ ግን ከታሰረችበት ንቅንቅ አላለችም። ካፒቴን ተብዬው ለካ ውሃ ይፈራል!

አያቴ ነጠላቸው ላይ ላይፍ ጃኬት ደርበው ቀኑን ሙሉ ጠበቁ። በመጨረሻ «ልጄ፣ ገመዱን መቼ ነው የምትፈታው?» አሉት።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ወደ ካሜራው እያየሽ ሳቂ!»

አያቴ አልሳቁም። ቪዲዮው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። የትም ሳይሄድ፣ ጥርሱን አግጥጦ ለካሜራው ቻው ቻው የሚለው ልጅ እኔ ነኝ።