መስኮቱ ከኋላ ግድግዳ ላይ ነው

ሥራ የጀመርኩት ተዋናይ ልሆን ሄጄ ነው። የወጣት ማዕከላችን የቲያትር ክበብ ልጆች ይፈልጋል ሲባል ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር ደረስኩ። አዘጋጁ ጋሽ ታምራት ናቸው፤ ድሮ እዚሁ አቃቂ ፈትል ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እኛን ያሠለጥናሉ። አንድ ገጽ አስነበቡኝና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲገልጡ «ሂክማ፣ ስታነቢ ጎበዝ ነሽ። ስትተውኚ ግን አሁንም እያነበብሽ ነው» አሉኝ።

ተናድጄ ልወጣ ስል ደብተሬ ጀርባ ላይ የሞነጫጨርኩትን አዩ።

«ይሄን ማን ሳለው?»

«እኔ።»

«ነገ እርሳስ፣ ማስመሪያና ባለ ሳጥን ወረቀት ይዘሽ ነይ።»

በቃ፣ ተቀጠርኩ። ደሞዝ የለውም። አባቴ ሱቁ ውስጥ ስኳር እየመዘነ «እሱ ደግሞ ሥራ ነው?» ሲለኝ፣ አዎ ሥራ ነው አልኩት፤ አሁንም እላለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ የሥራ ትዝታ ጻፈች የሚል ካለም፣ አዎ ጻፍኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ቤት ነበር። ጽሑፉ «አንድ ክፍል ቤት። በስተቀኝ በር። መሃል ላይ ጠረጴዛ» ይላል። ሳልኩ፤ ቆርቆሮ ጣሪያውን፣ የበሩን እጀታ፣ ደጅ ላይ ዛፍም ጨመርኩበት። ጋሽ ታምራት ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ዛፉ ቆንጆ ነው። አሁን ጣሪያውን አንሺልኝ» አሉ። አልገባኝም። በዚያ ዕድሜያቸው ወንበር ላይ ወጡ።

«እኔ ጣሪያ ላይ ያረፍኩ እርግብ ነኝ። ከዚህ ሆኜ ሳየው ጠረጴዛው ምን ይመስላል?»

«ሳጥን።»

«ያንቺስ ጭንቅላት?»

«ክብ።»

«በይ ሳልወድቅ ሳጥንና ክብ ሳዪልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር ከላይ ነው የምስለው። አዲስ ለምትጀምሩ አሠራሩን ልንገራችሁ። ጽሑፉን መጀመሪያ ለታሪኩ ብቻ አንብቡት፤ እርሳስ አትያዙ። ቀጥሎ ንግግሩን ዝለሉና በቅንፍ ያለውን ብቻ በቀይ አስምሩ፤ የመድረክ መመሪያ የሚባለው እሱ ነው። «ይገባል» ካለ በር ያስፈልጋል። «ተደግፋ» ካለ የምትደገፈው ነገር ያስፈልጋል። ቀኝና ግራ የተዋናዩ ነው፣ የተመልካቹ አይደለም። በር ወደየት እንደሚከፈት በቅስት ይታያል፤ መስኮት ሁለት ቀጭን መስመር ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ ሳጥን መድረኩ ላይ አንድ እርምጃ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ መድረኩ ወለል ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ተዋናዮቹም ግድግዳው የት እንዳለ ያውቃሉ።

ናቲ ግን አያውቅም። ናቲ የሽማግሌ ገጸ ባሕርይ የሚጫወትልን ልጅ ነው፤ ፕላስተሩን እየተረማመደ ነው የሚገባው።

«ናቲ፣ ግድግዳ በስተህ ገባህ እኮ!»

«የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ነው፣ ችግር የለውም» ይላል። ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፣ ያውቀዋል።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። ሜሮን ከክበባችን ልጆች ትልቋ ናት፣ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። የፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጣ በስልኳ እየጻፈች አንድ ተውኔት ጨረሰች። እናትና ልጅ ተጣልተው ልጅቷ ከቤት ወጥታለች። እናት በየማታው ሰርቪስ ሲያልፍ መስኮት ላይ ቆማ ትጠብቃለች። መጨረሻው ላይ ንግግር የለም። በቅንፍ ብቻ እንዲህ ይላል፦ (እናት ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች። በኋላው ግድግዳ መስኮት ልጅቷ ትታያለች። ትቆማለች። እናት አትዞርም። ልጅቷ ትሄዳለች።)

ሳነበው እጄ ቀጥ አለ። እናትየው አታያትም፤ የምናያት እኛ ብቻ ነን። መስኮቱን ከኋላ ግድግዳ መሃል ላይ አደረግኩት። ከአዳራሹ ጥግ ወንበሮች ሁሉ መስመር እየሳብኩ ሞከርኩት፤ አንድም ሳይቀር መስኮቱ ውስጥ ገባ። ጋሽ ታምራት አይተው ፈረሙበት። እንጨት ላይ አቡጀዲ ወጥረን ግድግዳውን ሠራን፣ መስኮቱን ቀደድን፣ ቀለም ቀባን። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየዘለልኩ ነው።

ዝግጅቱ ሲቃረብ የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ የመድረኩን ስፋት የሚያህል ባነር አሠርተው መጡ። ታውቁታላችሁ፤ ስብሰባ ይሁን ምርቃት ይሁን ቲያትር፣ ከጀርባ ባነር ካልተሰቀለ እንደተደረገ አይቆጠርም። ፎቶው ላይ የሚነበበው እሱ ነው።

«እዚህ ጋ ይሰቀላል» አሉ ግድግዳችንን እያሳዩ።

«እትዬ፣ እዚያ ጋ መስኮት አለ።»

«ወደ ጎን አድርጉታ።»

«ጎን ከሆነ በዚህ በኩል የተቀመጠው ሰው በሙሉ አያይም።» ሥዕሉን ዘረጋሁላቸው።

«ምኑን ነው የማያየው?»

«ልጅቷን።»

«ልጅቷ ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም። ቆማ ትሄዳለች።»

«ምንም ለማትል ልጅ ብለሽ ነው እንግዳ ፊት የምታዋርጂኝ?»

ባነሩ መግቢያው ላይ ይሁን አልኩ፤ አይሆንም። ከመድረኩ ታች ፊት ለፊት ይወጠር አልኩ፤ እግር ሥር አይሰቀልም ተባለ። ጋሽ ታምራት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሂክማ፣ ልጄ፣ አዳራሹን የሚሰጡን እሳቸው ናቸው። ጎን ላይ አድርገሽ ሌላ ሳዪልኝ።»

«አልስልም ጋሼ።»

«እኔ ነኝ እኮ የማዝሽ።»

«አውቃለሁ። ናቲ ይሳለው።»

ናቲ እውነትም ሳለው። መስኮቱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ዋለ። «ቁም ሳጥኑ አየር ያገኛል» አለ። አዲስ ግድግዳ ለመሥራትም ጊዜ አልነበረም። መስኮታችን ባለበት ቀርቶ ባነር እንዲለብስ፣ ልጅቷም በበሩ በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ እንድትሄድ ተወሰነ።

ሜሮንን ከሰርቪስ ስትወርድ ጠብቄ ነገርኳት።

«በቃ በበሩ ትሁን ሂክሚ። ቀኑን ሙሉ ከሱፐርቫይዘር ጋር ስጨቃጨቅ ነው የዋልኩት።»

«በበሩ ከመጣችማ እናቷ ታያታለች! አንቺ እኮ ነሽ የጻፍሽው።»

«ጻፍኩት። አሁን ደክሞኛል።»

«አንቺ ተዪው እንግዲህ። እኔ አልተውኩም።»

ስቃ አቀፈችኝ። «እናቴን ትመስያለሽ» አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም።

በዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። እንግዶቹ ፊት ለፊት ሶፋ ላይ ተቀመጡ፣ ውሃ ተደረደረላቸው። ንግግር፣ ፎቶ፣ ደግሞ ንግግር። ወይዘሮ አስካለ አመስግነው ወረዱና መድረኩ ባዶ ሆነ። መጋረጃ የለንም። መሰላሉን ተሸክሜ ሰው ሁሉ እያየኝ ወጣሁ። ናቲ የሽማግሌ ጢሙን እንደለጠፈ ተከተለኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«መሰላሉን ያዝልኝ።»

«ያባርሩሻል።»

«ያዝልኝ አልኩህ!»

ያዘልኝ። እስከ ገመዱ ድረስ ወጣሁ። ወይዘሮ አስካለ ከጎን ሆነው በሹክሹክታ ጮኹብኝ።

«አንቺ! ውረጂ!»

«እየወረድኩ ነው እትዬ፤ ባነሩን ይዤ።»

አንዱን ገመድ ስፈታ ባነሩ በግማሽ ተንጠለጠለ። ሁለተኛውን ስፈታ ወረደ፣ መስኮቱም ወጣ። ሶፋ ላይ ያሉት ቲያትሩ የተጀመረ መስሏቸው አጨበጨቡ። ባነሩን አልቀደድኩትም፣ አልረገጥኩትም። ጠቅልዬ በሁለት እጄ ለወይዘሮ አስካለ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ ዓይናቸውን ግን አልረሳውም።

ልጅቷን የምትጫወተው ጓደኛችን በሩ ጋ ቆማ ግራ ገብቷታል። በየት ልሂድ ብላ ጋሽ ታምራትን አየቻቸው። እሳቸው ወይዘሮ አስካለን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ከዚያ በአገጫቸው ወደ ኋላ ጠቆሟት።

«በሥዕሉ መሠረት» አሉ።

መጨረሻው ደረሰ። እናት ዕቃ እያጠበች ነው። ልጅቷ መስኮቱ ላይ ታየች፣ ቆመች። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር። ድንገት ከኋላ ወንበር አንዲት እናት መቻል አቃታቸው።

«ዙሪና እዪያት እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!»

ማንም አልሳቀም። ሴትየዋ አልዞረችም። ልጅቷ ሄደች።

ሜሮን የአዳራሹ መግቢያ አጠገብ ቆማ ነበር፣ የሥራ ጋዋኗን ሳታወልቅ። መድረኩን አልነበረም የምታየው። ከግራ እስከ ቀኝ ወንበሮቹን እያየች ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ አንጋጧል።

በሳምንቱ ከክበቡ ታገድኩ። ሥነ ሥርዓት የላትም ተባለ። ጋሽ ታምራት ተከራከሩልኝ፣ አልሆነም። ይቅርታ ከጠየቅኩ እንደምመለስ ተነግሮኛል። እንግዳ ፊት መሰላል ስለ መውጣቴ እጠይቃለሁ። ስለ መስኮቱ አልጠይቅም። እነሱ ሁለቱንም ነው የሚፈልጉት፤ ስለዚህ እስካሁን ውጭ ነኝ። ጋሽ ታምራት አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ በናቲ እጅ ይልኩልኛል፣ እቤቴ ሆኜ እስላለሁ፣ ሥዕሉ ብቻውን ማዕከሉ ይገባል። ከታች ስሜን በትልቁ ነው የምጽፈው።

የተማርኩት ይሄ ነው። ሥዕሉ የሚሳለው ጽሑፉ ለሚለው ነገር ነው። ጽሑፉ መስኮት ካለ መስኮት ይኑር፤ ለባነሩ ሌላ ግድግዳ ይፈለግለት።