የደመቀች ትንፋሽ

ደመቀች የጉራጌ ልጅ ናት፤ በከኒሳ ቀሴ ከተማ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ጨውና ሳሙና ትሸጥ ነበር። ንባብ ስትወድ ለጉድ ነው! ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳታነብ አትጥልም። አስም ስላለባት ግን አየር ስትስብ ደረቷ ያፏጫል። አንድ ጊዜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ጋዜጣ አንብቢ ተብላ፣ መሃል ላይ ቢያፏጭባት አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አታነብም። እነዚያን ገልፋጮች እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

በሰባ ሰባት ይመስለኛል፣ ዋቅወያ የሚባል ዓይነ ስውር ወጣት መጣ። ለአስተማሪነት በቃል ሊፈተን ነው፤ መጽሐፉን የሚያነብለት ግን አጣ። የሚያጠናው ካሴት እየሰማ፣ ከካሴቱ ጋር አብሮ ጮክ ብሎ እየደገመ ነው።

"አዳዳ ደመቀች፣ ከወደቅኩ አባቴ ቤት ተመልሼ መቀመጤ ነው። አንብቢልኝ" አላት። አክስቴ ብሎ የጠራትን ልጅ እንዴት እምቢ ትበል?

የሚቀዳላት ሬዲዮ ጠጋኙ ነመራ ነው። "ትንፋሼ እንዳይሰማ፣ አደራ!" ብላ ለመነችው። ዘዴ አበጁ፤ አየር ልትስብ ስትል ጣቷን ታነሳለች፣ እሱ የቴፑን ማቆሚያ ይጫናል። ምሳ ሰዓት የነመራን ሱቅ እየዘጉ ቀድተው ጨረሱ። አንዲት ፉጨት የለችበትም። ደስታዋን ብታዩ!

ብዙም ሳይቆይ ዋቅወያ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። "ማል ታቴ? ምን ሆንክ?" አልኩት። ቴፑን ከፍቶ አብሮ መድገም ጀመረ። ገና ትንሽ እንደሄደ ትንፋሽ አጠረው፤ እሱ ሲያስል ካሴቱ ጥሎት ሄደ።

"ኧረ አዳዳ፣ አትተነፍሺም እንዴ? የት ላይ እንደማርፍ ጠፋኝ፤ ሁሉም ተቀላቀለብኝ። ፈተናው ደግሞ ደረሰ" አለና እንባው መጣ። አንጀቴን በላው።

"አንቺ ደግሞ! ለእነዚያ ገልፋጮች ብለሽ ልጁን ልትጥዪው ነው?" ብዬ ጮህኩባት። ካሴቱን ይዛ ነመራ ዘንድ ሄደች።

"እንደ አዲስ እንቅዳ" አለችው፤ "ማቆሚያውን እንዳትነካ!" ፉጨቷም ሳሏም አንድ ሳይቀር ገባ።

ዋቅወያ አለፈ፤ ዲጋ ተመደበ። ለገበያ ዲጋ የሄድን ቀን፣ ሳንነግረው ትምህርት ቤቱ መስኮት ሥር ቆመን ሰማነው። ደመቀች ካቀዳችለት መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ ያስተምራል። እሷ ያረፈችበት ላይ ያርፋል፤ አየር ሲስብ ደግሞ ቀስ ብሎ ያፏጫል። ደረቱ ደህና የሆነ ሰው! "በሉ ድገሙ" ሲላቸው ተማሪዎቹም እሱ ያረፈበት ላይ አርፈው፣ ክፍሉ በሙሉ አፏጨ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ወደ ደመቀች ዞርኩ። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

"የሺአረግ፣ ሰማሽ?" አለችኝ። "አንድም የሳቀ የለም እኮ።"